ደብረ ማርቆስ ወላጅ ላላችሁ፦ አስቤዛውን ለባለዱቤው ሱቅ ስጡት

ለፋሲካ 2013 ከውጭ አገር ሆኜ ደብረ ማርቆስ ላይ የተጠቀምኩት አገልግሎት ሁለት ነው። አንዱ የሰፈር ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ፣ ሌላው «ውጭ ሆናችሁ እዘዙ፣ ቤት ድረስ እናደርሳለን» የሚል አድራሽ። ለመጀመሪያው ከአምስት አምስት፤ ለሁለተኛው ግማሽም ይበዛበታል። የሱቁን ስም አልጽፍም፤ ባለቤቱ «ስሜ ከወጣ ዱቤ ጠያቂ ያጥለቀልቀኛል» ብሎ ለምኗል።

ሱቁ ሲያዩት ምንም አይደለም። ጉዱ ያለው ደብተሩ ውስጥ ነው። መጋቢት 2012 ኮሮና አገር ውስጥ ገብቶ፣ በዚያው ወር ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም እንቅስቃሴ ሲታገድባቸው፣ የማርቆስ የቀን ሠራተኛና ጠላ ሻጭም ኪሱ ባዶ ሆነ። ባለሱቁ ለነባር ደንበኛ በየቤቱ አንድ አንድ ገጽ ከፈተ፤ ዱቤውንም በብር ሳይሆን በዕቃ ወሰነ። ለአንድ ቤት በወር 5 ሊትር ዘይት፣ 3 ኪሎ ሽሮ፣ 2 ኪሎ ምስር፣ 5 ኪሎ ፓስታና ሁለት ሳሙና፤ ከዚያ በላይ የለም። በብር ቢወስነው ኖሮ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የቤቱ ቀለብ ይሳሳ ነበር። ጥሬ ገንዘብ ይዞ ለመጣም ገደቡ ያው ስለሆነ አንዱ ጠቅልሎ ጎረቤቱን ባዶ እጁን አላስቀረውም። እኛ ያለንበት አገር ሰው በሶፍት ሲጣላ የከረመበትን ጊዜ አስቡት።

ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት የአረጋውያን ነው። በኮሮናው ጊዜ ውጭ አገር ትልልቆቹ መደብሮች ይህንኑ በማስታወቂያ ሲለጥፉ፣ ማርቆስ ላይ «እሜቴ፣ ይቅደሙ» ብቻ ይበቃ ነበር። መስከረም 2013 አዲሱ ብር ሲወጣም መቀየሪያው ሦስት ወር ብቻ ስለነበር፣ የባንክ ሰልፍ ለማይችሉት አሮጌውን ኖት እየተቀበለ ራሱ ሲያስገባላቸው ከረመ።

አንድ ነገር ግን ይስተካከል። በሩ ላይ ቧንቧ የተገጠመለት 20 ሊትር ጀሪካንና ሳሙና አለ፤ ይህ በቂ ነው። ከጎኑ የተበጠበጠ በረኪና አስቀምጦ እጅ ላይ መርጨቱ ግን ስህተት ነው። አንድ ኩባያ ባለ 5 በመቶ በረኪና በ9 ኩባያ ውኃ ሲበጠበጥ ለጠረጴዛና ለሚዛን ይሆናል፤ ለእጅ ይበረታል፣ ቆዳ ይልጣል። ደግሞም በየቀኑ አዲስ መበጥበጥ አለበት። ፀሐይ ላይ የዋለ በረኪና ሽታው ነው እንጂ ጉልበቱ የለም።

ወደ አድራሹ እንምጣ። ትእዛዙ 50 ኪሎ ነጭ ጤፍ፣ 5 ሊትር ዘይትና 5 ኪሎ ስኳር ነበር። ሙሉ ክፍያ አስቀድሞ፣ በዶላር። «በሁለት ቀን» የተባለው በዘጠነኛው ቀን፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ መጣ። ምክንያቱ «መንገድ» ነው። እንዴ! ጤፍ ጎጃም የሚገባው ከአዲስ አበባ ዓባይን ተሻግሮ ነው? ዘይቱም «ጠፋ» ተባለ፤ በዚያው ዓመት ቡሬ ላይ ያን የሚያህል የዘይት ፋብሪካ ተመርቆ። ሰፈር ሱቁ ውስጥ ያን ሳምንት ተደርድሮ ነበር።

ሒሳቡ ደግሞ ይብሳል። ዶላሩን በባንክ ምንዛሬ ቆጠረው፤ የጤፉን ዋጋ ግን ለበዓል የናረበትን ቀን መርጦ ጻፈ። «አገልግሎት» ብሎ ከመቶ 15 ጨመረ። ማጓጓዣውን እጥፍ አስከፈለ፤ ሲጠየቅ በኮሮናው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ለተሳፋሪ ማመላለሻ «በግማሽ ጫን፣ በእጥፍ አስከፍል» የተባለውን ያነሳል። ማዳበሪያ ጤፍ ተሳፋሪ አይደለም፣ ርቀት ጠብቅ አይባልም! ደረሰኝ የለም። «ዳያስፖራ ናችሁ፣ ምን ትሆናላችሁ» የሚለው ሳቅ ግን አለ።

ጤፉ ሱቁ ሚዛን ላይ ሲወጣ 46 ኪሎ ሆነ። ተንጠልጣይ ሚዛን ባዶውን ሆኖ ቀስቱ ዜሮ ላይ ካልቆመ እያንዳንዱ ምዘና ያንኑ ያህል ይዋሻል፤ ማዳበሪያውም አብሮ ይመዘናል። ሚዛኑን የምትጠራጠሩ ከሆነ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልታችሁ ስቀሉበት፦ ውኃው 20 ኪሎ ገደማ ነው፣ የጀሪካኑን ክብደት ደምሩ። የታሸገ 5 ሊትር ዘይት ደግሞ ያለ ዕቃው 4 ኪሎ ከ600 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በጣም ካነሰ ክዳኑን እዩት። ጤፉን ከላይ ብቻ አትዝገኑ። ማኛው አፉ ላይ፣ ሰርገኛው ከሥር ነው የሚሆነው፤ እጃችሁን እስከ ክርን አስገቡ፣ ወይም የታችኛውን ስፌት ክፈቱ።

በሱቁ በኩል ግን እንዲህ ነው። ዝርዝሩን በወረቀት፣ በአንድ መስመር አንድ ዕቃ ጽፋችሁ ፎቶውን በኢሞ ትልካላችሁ፤ መጠኑንና ዓይነቱን ለዩ፤ «ሽሮ» ብቻ ካላችሁ በቅመም ያልተዘጋጀው ሊመጣ ይችላል። ዕቃው በእናታችሁ ገጽ ላይ ይጻፋል፤ ሲደርስ እሳቸው ይፈርማሉ፣ ፊርማ ከሌለ አሻራ። በወሩ መጨረሻ የገጹ ፎቶ ይመጣላችኋል፣ ከዚያ ትከፍላላችሁ። ገንዘቡን ለባለሱቁ ሳይሆን ለእናታችሁ ሒሳብ ላኩ፤ እሳቸው ይከፍሉታል፣ የቀረው ለቡናቸው ይሆናል። ሐዋላ የሚታገደው ብዙ ጊዜ በስም ነው። የላካችሁበት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከባንክ ደብተሩ በአንድ ፊደል ከተለየ ገንዘቡ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ስለዚህ የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አስነስታችሁ ፊደል በፊደል ገልብጡ። የበዓል ዋዜማ አትላኩ። የባጃጁን ዋጋ ባለሱቁ ራሱ ተነጋግሮ ገጹ ላይ ለብቻው ይጽፈዋል፤ የማይጽፍ ሱቅ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ስትደውሉ ጠዋት የአረጋውያኑን ሰዓት አትሻሙ። ከማርቆስ ማታ 1 ሰዓት ላይ ባለሱቁ በሩን ገርበብ አድርጎ የቀኑን ሒሳብ ስለሚዘጋ ደብተሩ እጁ ላይ ነው። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዋሽንግተን ላይ ያን ጊዜ የምሳ ሰዓት ነው።