ድፍን፣ ፍሪ ወይስ ባለ ሞላ? የዲናሞ ፑሊ ከመግዛታችሁ በፊት

ደሴ መለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ የዲናሞ ፑሊ (ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ላይ ያለውን፣ ቺንጋ የሚያዞረውን ቀለበት) ብትጠይቁ ሦስት ዓይነት ሊቀርብላችሁ ይችላል። ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ዋጋቸው ግን ይራራቃል፤ እጃችን የሚሄደውም ወደ ርካሹ ነው።

የእኔም ሄዷል። የፒክ አፔ ፑሊ ሲበላሽ አንድ ጋራዥ ድፍኑን ገጠመልኝ። «ጋሼ፣ ይሄ የሚበላሽ ነገር የለውም» አለኝ ልጁ። ፑሊው በእርግጥ አልተበላሸም። ቺንጋው ግን ከኮምቦልቻ ስመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ ተበጠሰ። የውሃ ፓምፑም የሚዞረው በዛው ቺንጋ ስለሆነ፣ የሙቀት ጌጁ ሽቅብ ሲወጣ እያየሁ ዳር ያዝኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር እኩል የሚዞር ይመስለናል፤ አይደለም። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር ክራንክ ሻፍቱ (ቺንጋውን የሚያዞረው የሞተሩ ዋና ዘንግ) አንዴ በዞረ ቁጥር ሁለት ጊዜ ያቃጥላል። ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ በደቂቃ 800 ዙር ከሆነ በደቂቃ 1,600 ጊዜ ማለት ነው። እያንዳንዷ ፍንዳታ ክራንክ ሻፍቱን ገፋ ታደርገዋለች፤ ወዲያው ደግሞ ይቀንሳል። ናፍጣ ላይ ግፊቱ ይብሳል። ዲናሞው ውስጥ ያለው መዳብ የተጠመጠመበት ከባድ ብረት ደግሞ ከክራንክ ሻፍቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ሞተሩ ሲቀንስ እሱ ቶሎ አይቀንስም። ማርሽ ስትቀይሩ ወይም ቁልቁለት ላይ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱም ያው ነው።

ድፍን ፑሊ ይህን ሁሉ ጉተታ ቺንጋው ላይ ይጥለዋል። ቺንጋው ይጮኻል፣ ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘው ወጣሪ ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታው ያልቃል። በቪ ቺንጋ (ወደ ውስጥ እየጠበበ በሚሄድ ባለ አንድ መስመር ቺንጋ) ለሚሠሩ የድሮ መኪኖች ግን የተሠራላቸው ድፍኑ ነው። እነሱ ላይ ሌላ አትፈልጉ።

ፍሪው እንደ ብስክሌት የኋላ ጎማ ነው። ፔዳል መምታት ስታቆሙ ጎማው መዞሩን አይተውም አይደል? ሞተሩ ሲገፋ ይይዛል፣ ሲቀንስ ይለቃል። ዲናሞው በራሱ ፍጥነት ይዞራል፣ ቺንጋው ያርፋል።

ባለ ሞላው እንደ ፍሪው ይለቃል፤ በዚያ ላይ ሲይዝም የፍንዳታውን ግፊት በሞላ ለስለስ አድርጎ ይቀበላል። ከሦስቱ የሚወደደውም እሱ ነው። መኪናችሁ ከፋብሪካ ይዞት ከወጣ ግን በፍሪ አትቀይሩት። ወጣሪው የተመጠነው ሞላው አለ ተብሎ ነው።

ሱቁ ውስጥ በእጃችሁ መለየት ትችላላችሁ። መሃል ቀዳዳው ውስጥ ጣታችሁን ከታችሁ የውስጡን ብረት ያዙ፤ የውጪውን ቀለበት ወዲህና ወዲያ አዙሩት። ሁለቱ አብረው ከዞሩ ድፍን ነው። በአንድ በኩል ያለችግር ዞሮ በሌላው ቀጥ ካለ ፍሪ ነው። በአንድ በኩል ዞሮ በሌላው እየተለጠጠ እንደሚመልስ ነገር ከተሰማችሁ ሞላ አለው። ያገለገለ ስትገዙ ይህን ሳታደርጉ አትክፈሉ። ፍሪው ወይም ባለ ሞላው በሁለቱም በኩል ከተቆለፈ ፍሪነቱ አልቋል። በሁለቱም በኩል ከተንሸራተተ ደግሞ ጭራሽ ባትሪ አይሞላም።

መኪናችሁ ላይ ያለው ደህና መሆኑን ለማየት ሞተሩን አጥፍታችሁ አዳምጡ። ከጠፋ በኋላ ከዲናሞው በኩል ለጥቂት ሰከንድ የሚያጉረመርም ድምፅ ከመጣ፣ የፑሊው ወይም የዲናሞው ኩሽኔታ እያለቀ ሊሆን ይችላል።

ፍሪው ወይም ባለ ሞላው ፑሊ ፊት ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ክዳን አስገጥሙ። ብዙ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ወድቃ ትቀራለች። እሷ ከሌለች የገጠሩ መንገድ አቧራ በቀጥታ ፑሊው ውስጥ ይገባል። ፑሊው የሚፈታውም በራሱ ባለ ጥርስ መፍቻ ነው። በመዶሻና በመሮ የሚጀምር መካኒክ ካያችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የቺንጋ መስመሮቹን ከአዲሱ ጋር ቁጠሩ፣ ስፋቱንም ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስተያዩ። አሮጌው ራሱ ድፍን ከሆነ ግን ቀድሞ የተቀየረ ሊሆን ስለሚችል፣ በሞተሩ ቁጥር አስጠይቁ።