እባብ ለነደፈው ውሻ፦ ሲሊንደር፣ ኮንሰንትሬተር ወይስ የሚነፋ ድንኳን?

አዳማ ውስጥ ጠባቂ ውሻ ያለው ሰውም ሆነ ትንሽ የእንስሳት ክሊኒክ የከፈተ ባለሙያ ደጋግሞ የሚጠይቀው ነው፦ እፉኝት ለነደፈው ውሻ የቱን የኦክስጅን መስጫ ልግዛ? የታመቀ ኦክስጅን የሚይዝ ሲሊንደር፣ በመብራት እየሠራ ከአየር ኦክስጅን የሚለይ ኮንሰንትሬተር፣ ወይስ ውስጡ የአየር ግፊት የሚጨምር የሚነፋ ድንኳን? በወንጂ የሸንኮራ ማሳ በኩል አይጥ ባለበት እፉኝትም አይጠፋም። መልሱን ከወዲሁ እንናገር፦ ባለ 10 ሊትር ሲሊንደር ከሕክምና ሬጉሌተር (የጋዙን ግፊትና ፍሰት መቆጣጠሪያ) ጋር። የፀረ መርዙን ገንዘብ የሚነካ ከሆነ ግን ምንም አትግዙ። ኦክስጅን መርዝ አያረክስም። ፀረ መርዙም የአፍሪካን እባቦች የሚሸፍን መሆን አለበት፤ ለህንድ እባቦች የተሠራው እዚህ አይሠራም።

ኦክስጅን የሚያድነው በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ነው፤ አፍንጫውና ጉሮሮው አብጦ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ደም ግፊቱ ሲወርድ፣ ወይም የኮብራ መርዝ የመተንፈሻ ጡንቻዎቹን ሲያዝልበት። ሥጋው ከጠቆረ በኋላ በአፍንጫ የሚሰጠው ለቁስሉ እምብዛም አይጨምርም፤ ሳንባው ጤነኛ የሆነ ውሻ ደሙ ያለ መሣሪያም ኦክስጅን ሞልቶት ነው የሚዞረው። ቁስልን የሚያግዘው በግፊት ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ነው፦ ንጹሕ ኦክስጅን፣ ከ2 እስከ 2.5 ከባቢ ግፊት (1 ማለት በባሕር ጠለል ላይ ያለው የአየር ግፊት ነው)፣ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ፣ ያውም ከፀረ መርዝ ጋር እንጂ በፀረ መርዝ ፈንታ አይደለም። በኢንተርኔት የሚሸጠው የሚነፋ ድንኳን «1.3» ይላል። ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 0.83 አካባቢ ነው፤ ድንኳኑ 0.3 ሲጨምርበት 1.13 ብቻ ይሆናል። ለዚህ ያን ሁሉ ብር ማውጣት ገንዘብ መጣል ነው።

ዋጋውን ወደ ሰዓት ለውጡት። 10 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር 1,500 ሊትር ኦክስጅን ይይዛል፤ 40 ሊትሩ 6,000። በአፍንጫ ቱቦ ለአንድ ኪሎ ክብደት በደቂቃ 100 ሚሊ ሊትር ብንቆጥር 30 ኪሎ ውሻ 3 ሊትር ይፈልጋል፤ ትንሹ ሲሊንደር 8 ሰዓት ያቆየዋል። 10 ኪሎ ውሻ ላይ 25 ሰዓት ይሄዳል። የማስሞያውን ዋጋ ለዚያ አካፍሉና የሰዓቱን ታገኛላችሁ። ኮንሰንትሬተር ማስሞያ የለውም፤ ባለ 5 ሊትሩ 350 ዋት ገደማ ስለሚበላ በቀን 8.4 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል፣ እሱም ከባድ አይደለም። የሚከብደው ማሽኑ፣ ስታብላይዘሩና መብራት ሲጠፋ የሚተካው ጄኔሬተር ነው። በዓመት ጥቂት የተነደፉ ውሾች ለሚያይ ክሊኒክ ይህ ወጪ አይመለስም። የማደንዘዣ ማሽን ያለው ደግሞ ይወቅ፦ የኮንሰንትሬተር ግፊት ደካማ ስለሆነ 4 ባር ገደማ የሚፈልገውን ማሽን አያንቀሳቅስም።

ኮንሰንትሬተር ካልገዛሁ ያለ ከርካሾቹ ይጠንቀቅ። «ከ1 እስከ 7 ሊትር» የሚል፣ ስድስት ሰባት ኪሎ የሚመዝን ማሽን 90 በመቶ ኦክስጅን የሚሰጠው በደቂቃ 1 ሊትር ላይ ብቻ ነው፤ 7 ላይ ሲደርስ 30 አካባቢ ይወርዳል፤ ተራው አየር 21 ነው። እውነተኛው ባለ 5 ሊትር ከ14 ኪሎ በታች እምብዛም አይገኝም። ከመክፈላችሁ በፊት 5 ሊትር ላይ አድርጋችሁ 15 ደቂቃ አስኪዱትና በኦክስጅን መለኪያ እዩት። ከ90 በላይ ካላነበበ ተዉት። ያገለገለ ከሆነ ዚዮላይቱን (ናይትሮጅኑን ይዞ ኦክስጅኑን የሚያሳልፈውን ማዕድን) እርጥበት ገድሎት ይሆናል፤ ማሽኑ እየጮኸ ይሠራል፣ ከቱቦው የሚወጣው ግን አየር ነው። የአዳማ አቧራም የመግቢያ ማጣሪያውን ቶሎ ይደፍነዋል።

ሲሊንደርም ማታለያ አለው። 1,500 ሊትር ኦክስጅን 2 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ ባዶውን መዝናችሁ ላኩ፣ ሲመለስ 2 ኪሎ ካልጨመረ አልሞላም። የብየዳ ሬጉሌተር ርካሽ ስለሆነ ብዙዎች ይገዙታል፤ የሚያነበው ግን ባር እንጂ በደቂቃ ሊትር አይደለም፣ ለውሻ ስንት እየሄደለት እንደሆነ አታውቁም። ጥርሱ አልገጥም ሲል ግሪስ መቀባት ወይም የቧንቧ ጎሚኒ መክተት እሳት መጥራት ነው። ኦክስጅንና ቅባት አይገናኙም።

አፍንጫው ላይ ለተነደፈ ውሻ ቱቦ አታስገቡ። ቁስሉን እንዳይልስ የሚደረገውን የአንገት መከላከያ ሾጣጣ አድርጉለትና የሾጣጣውን ሰፊ አፍ (የውሻውን አፍ አይደለም) በላስቲክ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ሸፍኑ፤ የቀረው ክፍት የሚተወው ሙቀትና የተቃጠለ አየር እንዲወጣ ነው። ወደ ሾጣጣው ውስጥ በደቂቃ ከ2 እስከ 5 ሊትር ኦክስጅን ልቀቁ። ሲያለከልክ ካያችሁ ውስጡ ሞቋል፣ ክፈቱት።

ለድንኳን ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ለቁስሉ ይሁን። በ1 ሊትር የፈላ ውሃ 9 ግራም ጨው አሟሙታችሁ ሲቀዘቅዝ በ20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅና በ18 ቁጥር መርፌ እጠቡት። የሞተው ሥጋ ዳሩ እስኪለይ ቀናት ይወስዳል፤ ከዚያ በፊት መቁረጥ ደህናውን መቁረጥ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ንጹሕ ማር ቀብታችሁ በፋሻ ሸፍኑ፤ መጀመሪያ በየቀኑ፣ ፈሳሹ ሲቀንስ በየ2 ወይም 3 ቀኑ ይቀየር።