ከቤተሰብ የቀረ የካሜራ ሌንስ ልትሸጡ ነው? «ጠቅልዬ ልውሰደው» ከሚል ገዢ ተጠንቀቁ

አባት ወይም አያት ትተውት ያለፉት የካሜራ ሣጥን ለሽያጭ ሲወጣ ቀድሞ የሚደርሰው ገዢ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ካሜራዎቹን አገላብጦ ሹተራቸው (ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) እንደማይሠራ ያሳያችኋል፤ ቀጥሎ «እንዳትቸገሩ ጠቅልዬ ልውሰደው» ይላል። ስለ ሌንሱ ትንፍሽ አይልም። ዝም የሚለው ግን ስለማያውቅ አይደለም። ካሜራው ቢሞት እንኳ ሌንሱ በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) የዛሬ ሚረርለስ፣ ማለትም መስታወት አልባ ዲጂታል ካሜራ ላይ ስለሚገጠም፣ ከሣጥኑ ውስጥ ገንዘብ የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

ስለዚህ ዋጋ ከመነሳቱ በፊት በሌንሱ ፊት ዙሪያ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፦ ስም፣ ሚሊሜትር፣ ትልቁ የአፐርቸር (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) ክፍተት፣ መለያ ቁጥር። ዋጋ ስትፈልጉ ሰው የጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን ተመልከቱ። በስሙ ብቻም አትማሉ። የሶቪየት ጁፒተር ሌንሶች የታዋቂው የጀርመን ሌንስ ሠሪ ስም «ካርል ዛይስ የና» ተቀርጾባቸው ሲዞሩ ኖረዋል፤ ለገዢ ስትነግሩ «ተቀርጾበት ያለው ይህ ነው» ማለት ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል።

ከዚያ የእጅ ባትሪው ይመጣል። ገዢው ያበራና «ሻጋታ በልቶታል» ይላል። በብርቱ ባትሪ ሲታይ የ50 ዓመት ሌንስ ሁሉ አቧራ የነፈሰበት ሜዳ ይመስላል፤ ስለዚህ እናንተ ቀድማችሁ እዩት። ሁለቱንም ክዳን አውጡ፣ የአፐርቸሩን ቀለበት ወደ ትንሹ ቁጥር አዙሩ፣ ከኋላ በኩል በጎን አብሩ። ተነጣጥሎ የሚታይ ነጥብ አቧራ ነው፤ ጥቂት ከሆነ ፎቶ ላይ አይታይም። ከጠርዝ ተነስቶ እንደ ሸረሪት ድር የሚቀጣጠለው ሻጋታ ነው። መስታወት ላይ የተነፈሱበት የሚመስለው ጭጋግ ነው፤ እሱ ፎቶውን ያደበዝዛል። የመስታወቱ ቢጫነትም ማስፈራሪያ ይሆናል፦ እንደ ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊሜትር 1.4 ባሉት ላይ መስታወቱ ውስጥ ከተጨመረ ቶሪየም ከሚባል ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር የሚመጣ ሲሆን፣ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲቆይ በአብዛኛው ይለቃል። ይህን እያወቀ «ተበላሽቷል» ብሎ ዋጋ የሚሰብር ሞልቷል።

ለማሳመር ብላችሁ አትወልውሉት። በፈረንጆቹ የ1940ዎቹና የ50ዎቹ የብዙ ሌንሶች ኮቲንግ (መስታወቱ የተቀባው ስስ ሽፋን) ለስላሳ ነው፤ በሸሚዝ ጫፍ አንድ ጊዜ መታሸት የማይጠፋ ጭረት ሊተው ይችላል። ክዳኑን፣ ሁዱን (የሌንሱን የብርሃን መከለያ)፣ የቆዳ ማኅደሩንም «ምርቃት» ብላችሁ አትስጡ፤ አንዳንዱ ሁድ ብቻውን ገዢ አለው።

ለሩቅ ገዢ በፖስታ ስትልኩ ዋናው አደጋ የመልስ ቅያሪ ነው። ገዢው የዚያው ሌንስ ሻጋታ የበላው አለው፤ የእናንተን ተቀብሎ የራሱን «አልተስማማኝም» ብሎ ይመልሳል። የመለያ ቁጥር ፎቶ ብቻውን አያድናችሁም፤ በብዙ ሌንሶች ላይ ቁጥሩን የያዘው የፊት ቀለበት ከላስቲክ በተሠራ የሌንስ መፍቻ ተፈቶ ሌላው ላይ ይገጠማል። ሊቀየር የማይችለውን ፎቶ አንሱ፦ ከካሜራው ጋር የሚገጥመው ብረት ላይ ያለውን ጭረት፣ የብሎኖቹን ራስ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መስታወቱ ውስጥ የታሰረውን የአየር አረፋ። በድሮ መስታወት ውስጥ እንዲህ ያለ ደቃቅ አረፋ ብርቅ አይደለም፤ ካለ ቦታውን ስለማይለቅ እንደ ጣት አሻራ ያገለግላል። ቁጥሩን ከማሳየት እስከ ካርቶን ማሸግ ያለውንም ሳታቋርጡ በቪዲዮ ቅረጹ።

የክፍያ ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም፤ ሒሳባችሁ ውስጥ ገብቶ ካላያችሁ ዕቃው አይወጣም። «በስህተት አብልጬ ልኬያለሁ፣ ትርፉን መልሱልኝ» የሚለውም የታወቀ ወጥመድ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍያ ይሰረዝና የመለሳችሁት ከኪሳችሁ ይሆናል።

«ለባለሙያ አሳይቼ ልመልስ» ላለም የመለያ ቁጥሩ፣ የተስማማችሁበት ዋጋና የሚመለስበት ቀን ተጽፎ ሳይፈረም ሌንሱን አታስይዙት። ቁጥሩ ወረቀት ላይ እንዲሰፍር የማይፈልግ ከሆነ መልሳችሁ ሣጥኑን ክደኑ።