ቮልስ ወይስ ላዳ? በግቢው ለመጀመሪያ ጊዜ አሮጌ መኪና ሊያድስ ላሰበ

ከመስከረም ወዲህ ብቻ ስድስት ወዳጆቼ ጠይቀውኛል። ጥያቄው አንድ ነው፦ «አሮጌ መኪና ገዝቼ ቅዳሜና እሁድ እየሠራሁ ላድስ አስቤያለሁ። ቮልስ ይሻለኛል ወይስ ላዳ?» ለእያንዳንዱ በስልክ አንድ ሰዓት ከማወራ ብጽፈው ይሻላል።

መልሴን ላስቀድም። ቮልስ ግዙ። ላዳን ጠልቼ አይደለም። መፍቻ ይዞ ለማያውቅ ሰው ቮልስ ያስተምራል፤ የሚደብቀውም ትንሽ ነው። ይህን ያወቅኩት ግን መጀመሪያ ላዳ ገዝቼ ብዙ ብር ካፈሰስኩ በኋላ ነው።

ላዳዋን የገዛኋት ጥቅምት 2017 ነው፤ በ240 ሺህ ብር። ነጭ ናት። ቀለሟ ያበራል። ደላላው «የቤት መኪና ናት፤ አንድ አባት ናቸው የያዟት» አለኝ። ቁልፍ ሳዞር ወዲያው ተነሣች። በሳምንቱ የኋላ በሯ አቧራ እያስገባ ስላስቸገረኝ ዙሪያውን ያለውን ጎማ ልቀይር ሳብ አደረግኩት። ከሥሩ ሰማያዊ ቀለም ወጣ። ለካ ታክሲ ነበረች። ልቤ ድንግጥ አለ። ከበሩ በታች ያለውን ጠርዝ በካቻቪቴ እጀታ ኳ ኳ አደረግኩት። ድምፁ የብረት አይደለም። ትንሽ ጫን ስለው ስቱኮው (ቀዳዳ መድፈኛው) በጣት ውፍረት ተፈርፍሮ ጫማዬ ላይ ወረደ። ከኋላው የነበረው ላሜራ በዝገት ወንፊት ሆኗል።

ከዚያ በኋላ ያወጣሁትን ሁሉ በደብተር ይዣለሁ። ላሜራና ቀለም 210 ሺህ። ሞተር 65 ሺህ። የእግር (የጎማ ተሸካሚ ክፍሎች) ሥራ 40 ሺህ። ጥቃቅኑ፣ ጎማ ምኑ ምኑ፣ 41 ሺህ። ከመግዣው ጋር 596 ሺህ ብር። ግንቦት ላይ በ430 ሺህ ሸጥኳት። 166 ሺህ ብር ከነድካሜ ቀለጠ።

በዚያው ወር አንድ ባለ 1300 ሲሲ ቮልስ በ385 ሺህ ገዛሁ። ጓደኞቼ «አሁንስ አበድክ» አሉኝ፤ ከላዳዋ በ145 ሺህ ይበልጣልና። የወለል ላሜራ 58 ሺህ፣ ሞተር 87 ሺህ፣ ፍሬን 29 ሺህ፣ ኤሌክትሪክና ጎማ ጎማው 34 ሺህ። ድምሩ 593 ሺህ። ከላዳዋ በ3 ሺህ ብር ያንሳል። ልዩነቱ አሁን 650 ሺህ የሚሰጡኝ ሁለት ሰዎች መኖራቸው ነው። ሁለቱንም የገዛሁት ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ስለሆነ ሒሳቡ ይነጻጸራል። ከዚያ በፊት የገዛ ሰው የሚነግራችሁን ዋጋ ግን እርሱት።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በመግዣ ዋጋ አትወስኑ። የአሮጌ መኪና ገንዘብ የሚበላው ላሜራ ነው። ሞተር ዋጋው ይታወቃል፤ ፋሻው ይሄን ያህል፣ ኩሽኔታው ይሄን ያህል ብላችሁ አስቀድማችሁ ትደምራላችሁ። ዝገት ግን ሲከፈት ነው የሚታወቀው። ላሜራ ሠሪው በመፍጫ አንድ ቦታ በቆረጠ ቁጥር ሌላ ቦታ ይገኛል።

ቮልስ የሚበልጠው መጀመሪያ እዚህ ጋ ነው። አራቱም ፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ላሜራ) በብሎን ነው የታሰረው። ፈታችሁ ታወርዱታላችሁ፤ ከበሰበሰ ሌላ ገዝታችሁ ታስራላችሁ። የላዳ የፊት ፓራፋንጎ የተበየደ ነው፤ መቁረጥና መልሶ መበየድ ይጠይቃል። ያ ደግሞ የጀማሪ ሥራ አይደለም። የቮልስ ወለልም ምንጣፉን ስታነሡ ፊት ለፊት ይታያል። በተለይ የኋላውን ወንበር አንሡና በስተቀኝ ባትሪው የተቀመጠበትን እዩ። የባትሪ አሲድ ለዓመታት የሚንጠባጠበው እዚያ ላይ ነው። የእኔ ቮልስ እዚያ ቦታ መዳፍ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበረው። ቀዳዳውን እያየሁ ነው የተደራደርኩት፤ ከ410 ሺህ ወደ 385 የወረደልኝም በእሱ ነው። የሻንሲ ቁጥሩም እዚያው ከወንበሩ ሥር መሐል ባለው ጉብታ ላይ ተመትቷል። ከሊብሬው ጋር አስተያዩት። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ነው። ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ፣ ያ ጣጣ የእናንተ ይሆናል።

ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ቀለሙን እንዳይጭር በስስ ጨርቅ ጠቅልሉት። ጎን ለጎኑን ዳብሱት፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። ለላዳ ይህን አለማድረጌ ዛሬም ይቆጨኛል።

ወደ ሞተሩ ልምጣ። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው። ሽቦዎቹን ፈትታችሁ፣ የቤንዚን ጎማውን ዘግታችሁ፣ የነዳጅ መስጫውንና የማሞቂያውን ገመዶች አላቅቃችሁ፣ ከሥሩ ክሪክ ደግፋችሁ ወደ ኋላ ትስቡታላችሁ። 100 ኪሎ ያህል ነው። መጀመሪያ ስንሞክር ከታናሽ ወንድሜ ጋር ግማሽ ቀን ፈጀብን። በሦስተኛው ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል። አንዴ ከወጣ በኋላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ፣ ወንበር ስባችሁ፣ ሻይ ይዛችሁ ትሠራላችሁ። ሲሊንደሮቹ አራቱም ለየብቻቸው የቆሙ ናቸው። ካለቁ ከነፒስተናቸው በአዲስ ትቀይራላችሁ፤ ማሽን ቤት መሄድ የለም። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የለ፣ የውኃ ፖምፓ የለ። ላዳዋ ግን ሁለት ጊዜ ዳገት ላይ ፈልታብኛለች። አንዴ ቴርሞስታት፣ አንዴ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት።

በአንድ ነገር ግን ቮልስ ምሕረት የለውም። ዋናዎቹን ኩሽኔታዎች (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸውን) ለመቀየር የሞተሩ አካል ለሁለት መከፈል አለበት። አካሉ ደግሞ ቀላል የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ ካለቀ ማረሚያው ውድ ነው። ላዳ እዚህ ይሻላል። አካሉ ድፍን ብረት ነው፤ የትም ማሽን ቤት ያውቀዋል። ለዚህ ነው የእኔ ላዳ ሞተር በ65 ሺህ ያለቀው። ስለዚህ ቮልስ ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የኋላውን ትልቅ ፑሊ በሁለት እጃችሁ ያዙና ወደ ራሳችሁ ሳቡት፤ ከዚያ ግፉት። የተፈቀደው እንቅስቃሴ ቢበዛ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። ቷ ቷ የሚል ከሆነ ወይ 100 ሺህ ብር አስቀንሱ ወይ ትታችሁ ሂዱ።

የቫልቭ ክፍተት የሁለቱም 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ ቀዝቅዞ። ቮልስ 13 ቁጥር መፍቻና ካቻቪቴ ይበቃዋል፤ ሆኖም ከመኪናው ሥር ትተኛላችሁ። ላዳ 13 እና 17 መፍቻ ይፈልጋል፤ ቆማችሁ ትሠራላችሁ።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ነገር ልግባ፤ ፎርጅድ ዕቃ። ለቮልሱ አዲስ ኮንደንሰር (የሞተሩን የእሳት ብልጭታ የሚያግዝ ትንሽ ዕቃ) ገዛሁ። ሳጥኑ ላይ ጀርመን ይላል። ከአሮጌው በእጥፍ የሚያምር። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ቀለበት መንገድ ላይ ዝም አለ። ካርቡሬተር ነው ብዬ ፈታሁ፤ ካንዴላ ቀየርኩ፤ ኮይል ቀየርኩ። ሁለት ቅዳሜና 9 ሺህ ብር ሄደ። በመጨረሻ አንድ የድሮ መካኒክ አሮጌውን ኮንደንሰር ከቆሻሻ መጣያዬ አውጥተው መልሰው ገጠሙልኝ። ወዲያው ተነሣ። «ልጄ፣ የሚሠራን ዕቃ አዲስ ስለተገኘ ብቻ አትጣል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የወለቀ ዕቃ ሁሉ በጣሳ ተቀምጦ ስም ተጽፎበታል።

ስለዚህ ለእሳት ክፍሉ ነገሮች፣ ማለትም ለፑንቲና (ኤሌክትሪኩን እያቋረጠ ለሚያገናኘው)፣ ለኮንደንሰርና ለዲስትሪቢዩተር ክዳን፣ ርካሽ አዲስ ከምትገዙ ከሱማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ገበያ ያገለገለ ኦርጂናል ፈልጉ። የብረቱን ክብደት በእጃችሁ መዝኑት። የፋብሪካው ምልክት በቀለም ከታተመ ጠርጥሩ፤ ብረቱ ላይ ከተመታ ይሻላል። የካርቡሬተር ኮፒ ደግሞ በፍጹም አትግዙ። የአሮጌውን ሶሌክስ ካርቡሬተር ዘንግ ማሽን ቤት ወስዶ ቡሽ ማስገባት ከአዲሱ ኮፒ በግማሽ ዋጋ ያልቃል፤ ሥራውም ይበልጣል። ፍሬን ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ያገለገለ የፍሬን ፖምፓና የፍሬን ጎማ በነጻም ቢሰጧችሁ አትግጠሙ።

ቮልስ አንድ ተጨማሪ መንገድ አለው። የመጨረሻው ቮልስ ከሜክሲኮው ፑዌብላ ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ስለሆነ ዕቃው ዛሬም በብዛት ይመረታል። አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ትንንሹን ነገር በሻንጣ ያስመጣል። እህቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ በፑንቲና ፋንታ የሚገጠም ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያና የካርቡሬተር ጋስኬቶች አምጥታልኝ ነበር፤ ሁሉም በአንድ የጫማ ሳጥን ገባ። ላዳ ግን አሜሪካ ተሽጦ ስለማያውቅ ይህ በር ዝግ ነው።

ማሻሻል የምትፈልጉ፣ ከቸርኬና ከድምፅ አትጀምሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቆላ ላይ ልኩ የሆነ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ መኪናው ዳገት ላይ ይታነቃል። ሁለት ቁጥር ዝቅ ያለ ጂግለር (የካርቡሬተሩ ቤንዚን መመጠኛ ቀዳዳ) ስገጥም የእኔ ቮልስ ሌላ መኪና ሆነ። ያወጣሁት 700 ብር ነው። ለ87 ሺህ ብሩ የሞተር ሥራ ከሰጠሁት ምስጋና ለዚህ 700 ብር የሰጠሁት ይበልጣል።

ሁለተኛው፣ በሞተሩ ዙሪያ ያሉትን ቆርቆሮዎችና የክፍሉን ጠርዝ የሚዘጋውን ጎማ መልሱ። ብዙ ቮልስ ላይ «አያስፈልግም» ተብለው ተጥለዋል። ያስፈልጋሉ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር የሚመራው በእነሱ ነው። ከሌሉ ከሥር የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይገባል፤ መጀመሪያ የሚቃጠለውም ሦስተኛው ሲሊንደር ነው።

ሦስተኛው የቤንዚን ጎማ ነው፤ ይህን ነገ ዛሬ አትበሉ። ቮልሱን የገዛሁ ቀን ማታ በባትሪ መብራት ሞተሩን ሳይ፣ ጨርቅ የለበሰችው ጎማ ደህና ትመስላለች። አጠፍ ሳደርጋት ጨርቁ ሥር ስንጥቅጥቅ አለች፤ አውራ ጣቴ ረጠበ። ጠብታው የሚወርደው ብልጭታ ወደሚሠራበት ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ነው። ቮልሶች ከኋላ በእሳት የሚያያዙት በዚህ ምክንያት ነው። ሙሉውን ከነመቆለፊያው በ1,200 ብር ቀየርኩት። የባትሪውንም ክዳን አትርሱ፤ የኋላ ወንበሩ ሞላ ባትሪው ላይ ሲያርፍ እሳት ያስነሣል።

የኋላውን ታምቡር ለመፍታት 36 ቁጥር መፍቻ ያስፈልጋችኋል። ሲታሰር በ1 ሜትር ቧንቧ ጫፍ 30 ኪሎ ያህል ጫና ይፈልጋል፤ «ጠብቋል» ብላችሁ በእጅ አትተዉት። ከላላ የዘንጉ ጥርስ የታምቡሩን ጥርስ ይበላዋል።

ቮልስ ለምን ተወደደ ትሉኝ ይሆናል። ሰው ለትዝታ ይከፍላል። አባቱ የነዳው፣ አጎቱ ሰርግ የሄደበት መኪና ነው። ጃንሆይ እንኳ መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። ይህ ፍቅር ስትገዙ ያስከፍላችኋል፤ ስትሸጡ ግን ይመልስላችኋል። ላዳ ላይ ያወጣሁትን ማንም አልመለሰልኝም።

ላዳ ግዙ የምለው ለአንድ ዓይነት ሰው ነው። ልጆች ላለው፣ መኪናዋን በየቀኑ ለሚነዳት፣ የሚያድሰውም ለደስታ ሳይሆን ለአገልግሎት ለሆነ። አራት በር አላት። የፊት ፍሬኗ ዲስክ ነው፤ ከእንጦጦ ስትወርዱ ልዩነቱ እግራችሁ ላይ ይታወቃል። ዕቃ ትጭናለች። ዝናብ አይበግራትም። ግን ከ200 ሺህ በታች ከቀረበላችሁ አትቸኩሉ። አራቱንም የበር ጎማ ሳቡ፤ ምንጣፉን አንሡ፤ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የትርፍ ጎማውን አውጥታችሁ ሥሩን በጣታችሁ ጫን በሉ። ሻጩ «ቀለሙን ታበላሻለህ» ብሎ ከከለከላችሁ ቁልፉን መልሱለት።