ሞንዞን ወይስ ሃግለር?

ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና ይዘን ስንቀመጥ ይሄ ክርክር መነሳቱ አይቀርም። ቦክሰኞቹ ካርሎስ ሞንዞን እና ማርቪን ሃግለር ቢገናኙ ማን ያሸንፍ ነበር?

አርጀንቲናዊው ሞንዞን ከ1964 እ.ኤ.አ. በኋላ ተሸንፎ አያውቅም። የመካከለኛ ክብደት ቀበቶውን 14 ጊዜ አስጠብቆ፣ በ1977 ሻምፒዮን እንደሆነ ጓንቱን ሰቀለ። ረጅም ነው፤ በግራው ያርቅሃል፣ በቀኙ ይጨርስሃል።

ሃግለር ግን ግራኝ ነው፣ ለእኔ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም የሃግለር ቀኝ እጅ ከፊት ስለሚቆም ሞንዞን ግራውን እንደ ልቡ መወርወር አይችልም። በ1985 ከእሱ የሚረዝመውን ቶማስ ሄርንስን እየተጠጋ በ3ኛው ዙር ጨርሶታል! ሞንዞን ግን እንደ ሄርንስ ቸኩሎ እሳት ውስጥ አይገባም። አገጩም ጠንካራ ነው።

15 ዙር ከሆነ ሞንዞን፣ በጠባብ ነጥብ።