ለትራክ ሚያታ ወይስ ጂአር86?

አሜሪካ ውስጥ ለትራክ፣ ማለትም ለመኪና መወዳደሪያ ሜዳ የሚሆን፣ ኪስ የማያራቁት መኪና የሚፈልግ ሰው ሁለት ስም ደጋግሞ ይሰማል፦ ጣሪያው የሚታጠፈው ባለ ሁለት ወንበር ማዝዳ ሚያታና ቶዮታ ጂአር86። ሁለቱም ጉልበታቸውን ለኋላ ጎማ ይሰጣሉ፤ ሁለቱም ባለ ስድስት ማርሽ ማኑዋል አላቸው። ፈረስ ጉልበትና የወንበር ብዛት ቆጥሮ የሚገዛ ጂአር86ን ይወስዳል። እኔ ግን መኪናው ለደስታ የሚገዛ ከሆነ ልባችሁን ስሙና ሚያታን ውሰዱ እላለሁ።

ለጂአር86 የሚገባውን ክብር እንስጠው። ከ2022 ሞዴል ጀምሮ የመጣው ይህ መኪና ሱባሩ የሠራው 2.4 ሊትር ቦክሰር (ፒስተኖቹ ግራና ቀኝ የተኙ) ሞተር አለው። ጉልበቱ 228 ፈረስ ነው። ቀጥታው ረጅም በሆነ ትራክ ላይ ሚያታን ጥሎት ይሄዳል፤ ክርክር የለውም። የኋላ ወንበሩ ለትልቅ ሰው አይመችም፤ ሲታጠፍ ግን አራት የትራክ ጎማ ከነክሪኩና ከነመፍቻው ይይዛል። ጎማ ጭናችሁ ትሄዳላችሁ፣ እዚያው ትቀይራላችሁ፣ ማታ በመንገድ ጎማችሁ ቤት ትገባላችሁ። ያለ ተጎታች ይህን ማድረግ መቻል ትልቅ ነገር ነው። ሚያታ በበኩሉ ዕቃ መጫኛው 130 ሊትር ብቻ ነው። አንድ ሻንጣና አንድ የራስ ቁር ከገባ በኋላ ቦታ የለም።

ታዲያ ለምን ሚያታ? ክብደቱ ነው ነገሩ። ሚያታ 1,060 ኪሎ አካባቢ ሲሆን ጂአር86 ወደ 1,280 ይጠጋል። ልዩነቱ ሦስት ጎልማሳ አሳፍሮ እንደመንዳት ነው። ቀላል መኪና ፍሬኑ ቶሎ አይግልም፣ ጎማውም ቶሎ አያልቅም። ጎማው ራሱ አነስተኛ ስለሆነ በርካሽ ይገኛል። የትራክ ወጪ ደግሞ በአብዛኛው ጎማና ፍሬን ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ኩርባ ላይ የሚሰማችሁ ነገር ነው። ፍሬን ይዛችሁ መሪውን ስታዞሩ ሚያታ ትንሽ ያዘነብላል። አንዳንዱ ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል፤ እኔ ግን እወደዋለሁ። የትኛው ጎማ ክብደት እንደተሸከመ፣ የቱ ሊንሸራተት እንደሆነ ቀድሞ ይነግራችኋል። ስህተታችሁን በዝቅተኛ ፍጥነት ያሳያችኋል፣ የምታርሙበት ጊዜም ይሰጣችኋል። የማርሹ ዱላ አጭር ነው፤ በእጅ አንጓ ብቻ ይገባል። ከ2019 ጀምሮ ያለው ሞተር 181 ፈረስ ጉልበት ሲኖረው በደቂቃ እስከ 7,500 ዙር ይጮኻል። ጣሪያው ተከፍቶ ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ስለ ዕቃ መጫኛ ማሰብ ያቆማል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። የራስ ቁራችሁን ይዛችሁ ሂዱና አጥልቃችሁ ተቀመጡበት። ብዙ የትራክ ቀን (ሰው የራሱን መኪና ሜዳው ላይ የሚነዳበት ቀን) አዘጋጆች ጣሪያው የሚታጠፍ መኪና መገልበጥን የሚከላከል የብረት ቅስት ከሌለው አያስገቡም፤ የነጂው ራስም ከቅስቱ በታች መሆን አለበት። ረጅም ሰው ከሆናችሁና መኪናው ልክ ካልሆናችሁ፣ ያለ ብዙ ሐሳብ ወደ ጂአር86 ሂዱ። ልጅ ያለው ወይም ሌላ መኪና የሌለው ሰውም እንዲሁ።

ሎተስ ኢሊዝ የተባለው ትንሽ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ልባችሁን ሰርቆት ከሆነ ስሜታችሁ ይገባኛል። አሜሪካ የገባው 900 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ሞተሩም የቶዮታ። ነገር ግን የፋይበር አካሉ አንዴ ከተመታ ጥገናው ኪስ ያቃጥላል። ለመጀመሪያ የትራክ መኪና አልመክረውም።

ሚያታን ከመረጣችሁ ክለብ ከተባለው የሚያታ ደረጃ ማኑዋሉን ፈልጉ። ሊሚትድ ስሊፕ ዲፈረንሻል (አንዱ የኋላ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚገታ) እና የቢልስታይን አሞርዛተር (ንዝረት የሚያበርድ) አለው፤ ስፖርት የተባለው መነሻ ደረጃ ግን እነዚህ የሉትም። ያገለገለ ከሆነ ከ2016 እስከ 2018 በተሠሩት ላይ የማርሽ ሳጥኑን አስፈትሹ፤ በከባድ አነዳድ የተሰበሩ አሉ። ጂአር86 ከሆነ በረጅም የቀኝ ኩርባ ላይ የዘይት ግፊት ይወርዳል የሚል ስጋት ስላለ ዘይቱ እንዳይጎድል ተከታተሉ። በሁለቱም ላይ ከመጀመሪያው የትራክ ቀን በፊት የፍሬን ዘይቱን ሙቀት በሚችል ዓይነት ቀይሩ። የኢንሹራንስ ውላችሁንም አንብቡ፤ የተለመደው የመኪና ኢንሹራንስ ትራክ ላይ የደረሰን ጉዳት ብዙ ጊዜ አይከፍልም።