ፒራሚዱ ምስጉን፣ ቀስቱ ቀጣፊ፦ የአንድ የሕዝብ ካርታ አፕ ግምገማ

ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ይህን አፕ ያወረድኩት ስለ ሕዝብ ብዛት፣ ፍልሰትና አሰፋፈር የማስተምረውን ምዕራፍ እንዲያግዘኝ ነው። ግማሹ ግሩም ነው። ግማሹ ተማሪ ያሳስታል። የሚያሳስተው ደግሞ ማስታወቂያው ላይ ጎልቶ የወጣው ክፍል መሆኑ ያናድዳል።

ከፒራሚዱ ልጀምር፤ የአንድን አገር ሕዝብ በዕድሜ ደርድሮ፣ ወንዱን በአንድ ጎን ሴቱን በሌላው ጎን የሚያሳይ ሥዕል ነው። አገር ትመርጣላችሁ፣ ከታች ያለውን መስመር በጣታችሁ ትጎትታላችሁ፣ ከ1950 ጀምሮ ያሉት ዓመታት ይሮጣሉ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሲከፈት ዕድሜን በአምስት በአምስት ዓመት ጠቅልሎ ነው የሚያሳየው። ሴቲንግ ገብታችሁ ወደ አንድ ዓመት ቀይሩትና ጃፓንን ክፈቱ። በ1966 የተወለዱት ጋ ስትደርሱ ጥርሱ የወለቀ አፍ የመሰለ ክፍተት ታያላችሁ። ያ ዓመት በእነሱ አቆጣጠር «የእሳት ፈረስ» ነበር። በእሱ የተወለደች ሴት የባሏን ዕድሜ ታሳጥራለች የሚል የቆየ እምነት አለ። ብዙ ጥንዶች ዓመቱን ዘለሉት፤ የተወለዱት ሕፃናት ከቀዳሚው ዓመት በሩብ ገደማ አነሱ። በ1967 ቁጥሩ ተመልሶ አሻቀበ። መስመሩን ስትጎትቱ ክፍተቱ አብሮ ያረጃል፦ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ሥራ ይይዛል፣ ጡረታ ይጠጋል። ይህን በቃል ላስረዳ ብል ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

ቀጥሎ ኳታርን ክፈቱ። ፒራሚድ የሚባል ቅርጽ የለም። ከሃያዎቹ አጋማሽ እስከ አርባዎቹ ባለው ዕድሜ የወንዶቹ ጎን ተገፍቶ ወጥቷል፤ የሴቶቹ ቀጭን ነው። ለሥራ የመጡ ወንዶች ናቸው። የአብዛኞቹ ልጆችና ወላጆች እዚያ የሉም፤ ሌላ አገር ፒራሚድ ላይ ነው የሚቆጠሩት። ስለ ፍልሰት ከአፑ ያገኘሁት ምርጥ ማሳያ ይኸው ነው። «ፍልሰት» በሚለው ገጽ ላይ ግን አይደለም ያለው።

እዚያ ገጽ ላይ ቀስቶች ከአገር አገር ይበራሉ። ማማሩስ ያምራል። ግን ቀስቱ ምን እንደሚቆጥር የትም አልተጻፈም። ነካክቼ እንደደረስኩበት፣ የሚያሳየው ከትውልድ አገሩ ውጭ የሚኖረውን ሰው ሁሉ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት የሄደውም፣ አምና የሄደውም አንድ ላይ ተደምሯል። በተባበሩት መንግሥታት ግምት እንዲህ ያሉ ሰዎች በ2024 ወደ 304 ሚሊዮን ነበሩ። ይህ ክምችት ነው። የሚንቀሳቀስ ቀስት ስታደርጉት ግን ተማሪው የዓመቱ ፍሰት ነው ብሎ ይወስደዋል። ማን ይፈርድበታል?

ከሩሲያ ወደ ካዛኪስታን የሚሄደውን ወፍራም ቀስት ተመልከቱ። ሰው ሲያየው ሕዝቡ ዛሬ በገፍ እየተጓዘ ይመስለዋል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የሄዱት ሁለቱም በሶቪየት ኅብረት ሥር ሳሉ ነው። በ1991 ኅብረቱ ሲፈርስ መሃል ላይ ድንበር ተሰመረ። ሰዎቹም ከቤታቸው ንቅንቅ ሳይሉ ዓለም አቀፍ ፍልሰተኛ ሆነው ተቆጠሩ። አንዲት መስመር ማብራሪያ ይህን ሁሉ ታቃና ነበር።

የአገር ውስጥ ፍልሰት ደግሞ ጭራሽ የለም። የጂኦግራፊ ሊቁ ራቨንስታይን በ1885 የፍልሰት ሕጎቹን ሲጽፍ አብዛኛው ሰው ሩቅ አይሄድም ያለው ነገር እዚህ ዞር ብሎ ያየው የለም። በቻይና የ2020 ቆጠራ ከ370 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከተመዘገቡበት አካባቢ ውጭ ሲኖሩ ተገኝተዋል። በዓለም ላይ ካሉት ዓለም አቀፍ ፍልሰተኞች ሁሉ ይበልጣሉ ማለት ነው! በዚህ አፕ ላይ ግን ቻይና ማንም የማይንቀሳቀስባት አገር ናት።

ትንበያው እስከ 2100 በአንዲት ቀጭን መስመር ይሄዳል። የተባበሩት መንግሥታት የ2024 ትንበያ የዓለም ሕዝብ በ2080ዎቹ አጋማሽ 10.3 ቢሊዮን ገደማ ደርሶ ቀስ እያለ መቀነስ ይጀምራል ይላል። ድርጅቱ ራሱ ግን ከመስመሩ ጋር ከፍና ዝቅ ሊል የሚችልበትን ስፋትም ነው የሚያወጣው። አፑ ስፋቱን ቆርጦ ጥሎታል፤ ለዓይን ንጹሕ ይሁን ብሎ ይመስለኛል።

አሰፋፈር ላይ ብዙ አላወራም። ግብፅን ሙሉ በሙሉ በአንድ ቀለም ቀብቷታል፤ ሕዝቧ ግን ከሞላ ጎደል ናይልና ደልታው ላይ ነው የተጠጋጋው። በነጥብ የሚያሳይ አማራጭ ሴቲንጉ ውስጥ አለ፤ መጀመሪያ እሱን አብሩት።

አንዴ ዳታውን ካወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ስልክም አያከብድም። ፒራሚዱን እንደ ምስል አስቀምጦ ማተም ይቻላል፤ ቁጥሮቹን በሰንጠረዥ ማውጣት ግን አይቻልም። ለአዘጋጆቹ ስለ ቀስቱ ጻፍኩላቸው። በትሕትና መለሱ፣ «በሚቀጥለው እትም እናየዋለን» አሉ። ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻለሁ፤ ሦስቱም የፒራሚዱ ናቸው። እስኪያስተካክሉት ድረስ የፍልሰቱን ገጽ ክፍል ውስጥ አልከፍተውም።